አዝማቹ የጽጌ ነበር

«ቅዳሜ ምን አስበሻል?» ጽጌ ስልክ ስትደውል እንዲህ ብላ ነው የምትጀምረው። ሰላምታ የሚባል ነገር የላትም። እኔም አልጠብቅባትም፤ «ምን አስባለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ» እላታለሁ። «ፋራ!» ትለኛለች። ሁለታችንም የልጅ ልጅ አይተናል፤ ደረጃ ስናይ ጉልበታችን ቀድሞን ያጉረመርማል፤ ይህችን ቃል ስትለኝ ግን እዚያው አፍንጮ በር፣ አቧራማው መንገድ ላይ ገመድ ስንዘል የነበርን ልጆች እንሆናለን። ከዚያ ወሬው ይከተላል። የጀመረችው ዳንቴል የት እንደደረሰ፣ እኔ በረንዳዬ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተከልኩት ቲማቲም አበባ ማውጣት አለማውጣቱ፣ ጠዋት በሬዲዮ የተለቀቀው የድሮ ዘፈን ላይ ከበሮውን የመታው ማን እንደሆነ። ከበሮው ላይ ተስማምተን አናውቅም። አሁን እሷ በከተማው አንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነን፤ ድሮ በአጥር ቀዳዳ እንቀባበለው የነበረውን ወሬ ዛሬ ካርድ ሞልተን ነው የምናወራው።

ያን ሐሙስ ግን ልብስ አጥባለሁ ስላት «ልብሱን ተይው፣ ታዱ» አለችኝ። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። እሷ ረጋ ስትል እኔ እደነግጣለሁ።

«ማክሰኞ አንገቴን ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው።»

እንቅርቷን አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን በሻርፕ ሸፍናው ኖራለች። «እሰይ፣ ይውጣልሽ! ዛሬ ዛሬ ቀላል ነው ይባላል» አልኳት።

«ቀላልስ ቀላል ነው። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቁጭ አድርጎ ነው ያስረዳኝ። እንቅርቱ ያለው ከድምፅ ጅማት አጠገብ ነው አሉ። ‹እናቴ፣ ከዚያ በኋላ ድምፅዎ እንደ በፊቱ ላይሆን ይችላል፤ አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው› አለኝ። እኔም አሰብኩበት። ምን አሰብሽ በይኛ!»

«ምን አሰብሽ?»

«ቅዳሜ ፒያሳ እንሄዳለን። ያችን ዘፈን ከራሷ እስከ እግሯ፣ ሳትጎድል እዘፍናታለሁ። ከዚያ ሐኪሞቹ እንደፈለጉ ያድርጉኝ። ዘይነባን ጥሪልኝ፤ የሷ ድርሻ ከሌለ ዘፈኑ ጎዶሎ ነው።»

የጽጌን ድምፅ ያልሰማ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ዕድሜዋን ሙሉ ጊዮርጊስ አጠገብ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ስትሸጥ የኖረች ነጋዴ ናት፤ አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ነው የወረሰችው። መድረክ ወጥታ አታውቅም። ሰርግ ላይ ግን ዘፈን ስታወጣ ሙሽራው ራሱ ሙሽሪትን ትቶ ዞር ብሎ ያያታል። የሌላው ሰው ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀጥናል፤ የሷ ሲወጣ ይሰፋል። ያንን ድምፅ በካሴት የቀዳው የለም፣ በሬዲዮ የለቀቀው የለም። ያለው እዚያች አንገቷ ውስጥ ብቻ ነው።

«ያችን ዘፈን» ያለችውን ለመንገር ወደዚያ ዘመን ቅዳሜዎች መመለስ አለብኝ። ይህን ለማውራት ደግሞ እኔን መለመን አያስፈልግም፤ ሰበብ ነው የማጣው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወክ ነበር። ወክ ማለት ከአፍንጮ በር ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ፒያሳን ላይ ታች ማለት ነው። የምንገዛው ነገር የለም፣ የምንገዛበትም የለም፤ ለብሶ መታየት ነው ቁም ነገሩ። ጽጌ እናቷ የሰፉላት ክሎሽ ቀሚስ ነበራት፤ ስትዞር እንደ ጃንጥላ ይከፈታል፤ ስለዚህ ያለ ምክንያት ትዞራለች። እኔ የእህቴን ታኮ ጫማ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅጥቄ ነው የማደርገው፤ ዳገቱን በእጄ ይዤው እወጣና ፒያሳ አፋፍ ስደርስ አጠልቀዋለሁ። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ «ክር ግዢ» ተብላ ነው ከቤት የምትወጣው። ክሩን ከጽጌ አባት ሱቅ ቶሎ ትወስድና በጉያዋ ትወሽቀዋለች፤ የተረፈው ሰዓት የኛ ነው። ጎረምሶቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ የሱሪያቸው ጫፍ አስፋልቱን እየጠረገ፣ ኬክ ቤቱ በር ላይ ተደርድረው ይለክፉናል። «አንቺ ጃንጥላ፣ ዝናብ ሳይመጣ ለምን ተከፈትሽ?» ይሏታል ጽጌን። «የናንተ ለሃጭ እንዳይነካኝ ነዋ!» ትላቸዋለች። ማኪያቶ በስሙኒ ነበር። ባንኮኒው ላይ ክንዳቸውን አሳርፈው ቆመው የሚጠጡትን በመስታወቱ እያየን እናልፋለን። እኛ አንድ ቦምቦሊኖ ገዝተን ለሦስት እንካፈላለን፤ ስኳር የበዛበት ጎን ለማን ይድረስ የሚለው ሙግት ከቦምቦሊኖው በላይ ይቆያል።

የወኩ መጨረሻ ሁልጊዜ የጋሽ ሽፋ ሙዚቃ ቤት በር ነበር። ጋሽ ሽፋ አዲስ ካሴት ሲመጣላቸው ከኔ የሚረዝም የድምፅ ማጉያ በሩ ላይ ያወጡና ይለቁታል። ሰዉ የእግረኛውን መንገድ ሞልቶ ይቆማል። ካሴት መግዛት ለኛ የሚታሰብ አይደለም፤ ብንገዛስ በምን እንሰማዋለን፣ ቤታችን ቴፕ የለም። ስለዚህ ዘዴ አበጀን። ዘፈኑን እንከፋፈለዋለን። የመጀመሪያው ግጥም የኔ፣ አዝማቹ የጽጌ፣ ሁለተኛው ግጥም የዘይነባ። እያንዳንዳችን የራሳችንን ብቻ ነው የምንይዘው። የኔ ክፍል እንዳለቀ ሁለት ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እደግመዋለሁ፤ የሌላዋን ከሰማሁ የኔ ይፈሳላ! ጽጌም የሷ እንዳለቀ እንዲሁ። ጋሽ ሽፋ ያዩንና «እናንተ ልጆች፣ ሰው ሙዚቃ ሊሰማ መጥቶ ጆሮውን ይደፍናል?» እያሉ ይስቃሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆመን እንገጥመዋለን። እኔ እጀምራለሁ፣ ጽጌ ትቀበላለች፣ ዘይነባ ትቀጥላለች፣ ጽጌ ትዘጋዋለች። በዚህ ዓይነት ያላገጣጠምነው የዘመኑ ዘፈን የለም። ሕግም ነበረን፤ የሌላዋን ድርሻ ብታውቂውም አትዘፍኚውም። ይህን ሕግ ጥሳ ያኮረፍናት የለችም፤ አንዳችንም ደፍረን አናውቅማ።

ካገጣጠምናቸው ሁሉ አንዲቷ የብቻዋ ነበረች። ያችን የሰማናት አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። በሳምንቱ ስንመጣ የጋሽ ሽፋ ሱቅ ተዘግቷል፤ ጊዜው ብዙ ነገር የሚዘጋበት ነበር። ካሴቷን ከዚያ ወዲህ ያየ የለም፤ የዘፋኙንም ስም አልያዝንም። ልጄ በስልኳ ብትፈልግ ብትፈልግ አጥታ «እማዬ፣ እንዲህ የሚል ዘፈን የለም» ትለኛለች። አለ እንጂ! የኔ ድርሻ ይኸው፦

ከበርሽ ላይ ቆሜ ስጠብቅሽ ውዬ፣
ጀንበር ገባች እንጂ አልመጣሽም አንቺዬ።

ይህን ስጨርስ ጽጌ አዝማቹን ታነሳዋለች፦

ብቅ በይ በመስኮት፣ ብቅ በይ በደጁ፣
አንቺን ሲጠባበቁ ዓይኖቼ እንዳያረጁ።

«ዓይኖቼ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከድልድዩ ተነስቶ ወደ ላይ ይሄድ ነበር። የዘይነባን ድርሻ ግን፣ እሷ አግብታ ኮምቦልቻ ከገባች ወዲህ፣ ጽጌም እኔም ረስተነዋል። ቦርከና የሚል እንዳለበት ብቻ ነው የምናስታውሰው። በዚያ በቦርከና ምክንያት ዘፋኙ ወሎዬ ነው እያልን ስንት ሰው ተከራክረናል! ጽጌ እንዲያውም ሱቋ የገባውን የወሎ ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ዘፋኝ ነበራችሁ፣ የት አደረሳችሁት?» እያለች ስታፋጥጥ ኖራለች።

ለዘይነባ ደወልኩላትና ነገሩን ነገርኳት። ኦፕራሲዮኑን ስትሰማ «አላህ ያቅልልላት» አለች። «ያንቺን ድርሻ በስልክ በይልኝ፣ እኔ ለጽጌ አደርስላታለሁ» ስላት ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያስቀው ነገር ያገኘ ሰው ሳቅ አልነበረም። «በስልክ አይሆንም። ወላሂ እመጣለሁ። አዲስ አበባ ያለችው ልጄም ናፍቃኛለች፣ እሷ ጋ አድራለሁ» አለች። ዓርብ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ቀሚስ ስለብስ፣ ሳወልቅ፣ እንደገና ስለብስ ልጄ «እማዬ፣ ሰርግ አለ እንዴ?» አለችኝ። «ወክ ነው!» አልኳት። ታክሲ ውስጥ እንኳ እግሬ አልቀመጥ ብሎኝ ነበር። ፒያሳ ስወርድ ሁለቱ ቀድመውኝ ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ጽጌ ሰማያዊ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች፣ ዘይነባ ነጭ በነጭ ሆናለች። አላፊ አግዳሚው እስኪገላምጠን ተሳሳምን።

የዛሬዋን ፒያሳ ያየ ያውቃል። ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ የእንጨት በረንዳ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ ሣር አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ብስክሌት የሚነዱ ሕፃናት አሉ። አላማረም አልልም፣ አምሯል። ዓይኔ ግን የለመደውን ጥግ ፍለጋ ይሄድና ባዶ ሰማይ ላይ ይወድቃል።

«ጋሽ ሽፋ እዚህ ጋ ነበሩ» አለች ጽጌ፣ አንዱን የመብራት ምሰሶ በመዳፏ እየመታች።

«ኧረ እዚያ ጋ ነው! ከኬክ ቤቱ ከፍ ብሎ» አለች ዘይነባ።

«የቱ ኬክ ቤት? እስቲ አሳዪኝ ኬክ ቤቱን!»

«ዝም በሉ፣ እኔ አውቃለሁ» አልኳቸው። «ታኮ ጫማውን ካጠለቅኩበት ተነስቼ ተረከዜ መላጥ ሲጀምር ጋሽ ሽፋ በር ላይ ነን።» ዳገቱ አፋፍ ድረስ ወርጄ መራመድ ጀመርኩ። እነሱ ከኋላዬ እየሳቁ «ተላጠ? አሁንስ?» ይሉኛል። ከአንድ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ስደርስ ቆምኩና «እዚህ ነው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነው። ማንም አልተከራከረም።

እዚያ ቁጭ ብለን ቦምቦሊኖ በላን፤ ዛሬ ለየራሳችን አንዳንድ ነው የገዛነው። ዘይነባ ግቢዋ ውስጥ ስላለው ብርቱካን፣ ማታ ማታ ሬዲዮ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ስለምትሰማው ዘለሰኛ አወራችን። ጽጌ ሆስፒታል የምትሠራውን ዳንቴል ቀለም አስመረጠችን። ከዚያ ሻርፗን ፈታችና ጭኗ ላይ አጣጠፈችው። እንቅርቷ ታየ። በአደባባይ ሳትሸፍነው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጀምሪ፣ ታዱ።»

ጀመርኩ። እንደምንም ጨረስኩት። ጽጌ ተቀበለች። ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! «ዓይኖቼ» ላይ ስትደርስ ከፊታችን እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱ ጎረምሳና ኮረዳ ቆሙ። ሣር የሚያጠጣው ሰውዬ ቱቦውን ይዞ ዞረ፤ ውሃው አስፋልቱ ላይ ሲፈስ እሱ አላየውም። እኔ ቶሎ ብዬ ስልኬን አወጣሁ፣ ልቀዳት። ተራው ግን የዘይነባ ነበረ፤ እሷም አልተቀበለችም።

«ዘይኔ፣ ነይ እንጂ፣ ያንቺ ነው!»

ዘይነባ ሻሿን አስተካከለች። «አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንዳትቀየሙኝ።»

«ረሳሁት እንዳትይኝ ብቻ» አለች ጽጌ።

«አልረሳሁትም። ሰምቼው አላውቅም።»

ሁለታችንም አፈጠጥንባት።

«ያን ቅዳሜ የኔ ክፍል ሊጀምር ሲል አጎቴ ከላይ ብቅ አሉ። እኔ ክር ግዢ ተብዬ ነው የወጣሁት። ሾልኬ የሎተሪ ሻጩ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። አጎቴ እዚያው ቆመው ሎተሪ አይገዙ መሰላችሁ! ሲሄዱልኝ ስወጣ ዘፈኑ አልቋል፣ ጋሽ ሽፋም ማጉያውን እያስገቡ ነው። እናንተን ልጠይቃችሁ ዞር ስል ሁለታችሁም ጆሯችሁን ደፍናችሁ ታነበንባላችሁ። ማንን ልጠይቅ? ድልድዩ እስክንደርስ ድረስ እየተራመድኩ ገጠምኩት።»

«ቦርከናስ?» አልኳት።

«ቦርከና የኔ ነው! ሌላ ምን ወንዝ አውቃለሁ?»

እኔ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተዘረጋሁ፤ ሳቄ አልወጣም አለኝ፣ ሆዴን ይዤ ነው። ያ ሁሉ ወሎዬ ዘፋኝ! ያ ሁሉ ክርክር! ቀና ስል ግን ጽጌ አልሳቀችም። ያጣጠፈችውን ሻርፕ ትኩር ብላ ታያለች። ያኔ ነው የገባኝ። እሷ ሙሉውን ነበር የፈለገችው፤ ሙሉው ደግሞ ኖሮ አያውቅም።

«ለዚህ ነው በስልክ አይሆንም ያልኩት» አለች ዘይነባ ቀስ ብላ። «ፊትሽን እያየሁ ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጽጌ ቀና አለች። «በይ ዝፈኚው» አለቻት።

«የቱን?»

«ያንቺን ነዋ። የሱን ማን ያውቀዋል!»

ዘይነባ ዓይኗን ድልድዩ ወዳለበት አዞረችና ጀመረች፦

ቦርከና ሞልቶብኝ መሻገሪያው ጠፋኝ፣
ካንቺ ማዶ ቀረሁ ናፍቆትሽ እያስለፋኝ።

መጨረሻዋን ቃል ሳትጨርስ ጽጌ አዝማቹን ነጠቀቻት። ያን ጊዜ ሳቋም ዘፈኗም አንድ ላይ ነበር የሚወጣው። አንድ ጊዜ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው፣ እንደገና ዘጋችው። ዙሪያችንን የቆሙት ልጆች አጨበጨቡ። «እማማ፣ ባንድ ናችሁ እንዴ?» አለ አንዱ። «አዎን፣ ከበሮ መቺው ነው የቀረብን» አለችው ጽጌ። እኔ ስልኬን አነሳሁ። እጄን ያዘችኝ።

«አስቀምጪው። በስልክ ከያዝሽው በልብሽ አትይዥውም። ዛሬ ሕጉ ተነስቷል። አዝማቹን ሁለታችሁም ትማሩታላችሁ። ማክሰኞ የሚሆነው አይታወቅም፤ ቢያንስ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ይኑር።»

ዘይነባ ወዲያው ያዘችው፤ ድሮም ብልጥ ናት። እኔ ግን «ዓይኖቼ» ላይ ስደርስ መውጣቱን ትቼ እወርዳለሁ። ጽጌ ሪባን እንደምትለካ ክንዷን ዘርግታ «እስከዚህ! እስከዚህ ሂጂ እንጂ! ለምን ጓዳ ትገቢያለሽ?» እያለች ታሰቃየኛለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ሰው ሁሉ ሲበታተን፣ እኛ እዚያው ነን። ስንለያይም እኔ ያው «ዓይኖቼ» ላይ እየወረድኩ ነበር።

ማክሰኞ ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ አሉን። ረቡዕ ከሰዓት ዘይነባና እኔ ልንጠይቃት ገባን። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ፊቷ ትንሽ ገርጥቷል። ሐኪሙ ነገ እስኪያያት ድረስ እንዳትናገር ከልክሏታል። ሰላምታዋ በእጅ፣ ምርቃቷ በእጅ፣ ሐሜቷ ሳይቀር በእጅ ሆነ፤ አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ እንደምታንኮራፋ አስመስላ አሳየችን። ትሳሳቃለች። ግን ልጇ እንደነገረችን ከነቃች ጀምሮ ማቃሰት እንኳ አላቃሰተችም። ፈርታለች። እዚያ ፋሻ ሥር ምን እንዳለ፣ ድምፅ ይኑር አይኑር፣ ማወቁን ፈርታዋለች።

ወሬ አለቀብን። ዘይነባ ወደኔ አየችና ከንፈሯን ሳትከፍት ዘፈኑን ማንጎራጎር ጀመረች። እኔም ድርሻዬን በለሆሳስ አልኩ። ሌሎቹ ሕመምተኞች ፊታቸውን ወደኛ አዞሩ። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ዘይነባ ሆን ብላ ዝም አለችና ለኔ ተወችው። «ዓይኖቼ» ላይ ወረድኩ። ጽጌ እጇን ከአልጋው ከፍ አደረገች፤ ወደ ላይ ማለቷ ነው። ደገምኩት፣ ወረድኩ። እጇ ከበፊቱ ይበልጥ ከፍ አለ፣ ግሉኮሱ የተንጠለጠለበት ብረት ተንቀጫቀጨ። አሁንም ወረድኩ።

«ወደ ላይ!»

ጎርነን ያለ፣ አሸዋ የገባበት ድምፅ ነው። ከጽጌ አፍ ነው የወጣው። እሷ ራሷ ዓይኗ ፈጦ፣ ከየት መጣ እንደሚል ሰው ግራ ቀኝ አየች።

ነርሷ በሩን ከፈተች። «እማማ! አይናገሩ አልተባሉም?»

ጽጌ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እንባዋ በጣቶቿ መሐል ይወርዳል፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም፣ ዘይነባም እጇን ይዛ እንደሷው ሆናለች። ነርሷ ወጣች። ጽጌ ፊቷን በአንሶላው ጠረገች፣ ትራሷን አስተካከለች፣ ጣቷን ወደኔ ቀሰረችና ጠበቀችኝ።

እኔም እንደገና ከአዝማቹ ጀመርኩ።